ኳንተም ቁሶችን በብርሃንና በስትሬይን መቆጣጠር፦ ከወሎ ተማሪዎች ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ውስጥ ፊዚክስና ምህንድስና ከሚማሩ ልጆች ጋር ስንጫወት ይህ ርዕስ ደጋግሞ ይነሳል። አንድን ቁስ ሳያቀልጡት፣ ሌላ ንጥረ ነገር ሳይቀላቅሉበት፣ በመሳብ ወይም በመጨመቅ (ስትሬይን የምንለው ይህ ነው)፣ ወይም ብርሃን በማሳረፍ ብቻ ባሕርይውን መቀየር ይቻላል? አዎ፣ ይቻላል። ሥራው የሚሠራባቸው ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ከእኛ ሩቅ ናቸው። ሀሳቡ ግን የ12ኛ ክፍል ፊዚክስን በደንብ ለያዘ ሰው አይከብድም። ጥያቄዎቹን ልጆቹ እንደሚጠይቁት አስቀምጫቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኳንተም ቁስ» ምንድን ነው? ሁሉም ነገር ከአቶም የተሠራ አይደል እንዴ?

ልክ ነው፣ ሁሉም ቁስ የሚተዳደረው በኳንተም ሕግ ነው። ልዩነቱ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። መዳብ ሽቦ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንደሚሄዱ አድርገን ብናሰላ ውጤቱ ብዙም አይስትም። ኳንተም ቁስ የምንለው ይህ አቋራጭ የማይሠራበትን ነው። እዚያ ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ተሳስረዋል፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌሎቹን ይነካል። አንዳንዱ ቁስ ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሮኖቹ ሞገድ ቅርጽ ራሱ ያልተለመደ ጠባይ ያመጣል።

የመጀመሪያው ዝነኛ ምሳሌ ሱፐርኮንዳክተር ነው። በ1911 ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ላይደን ከተማ ውስጥ ሜርኩሪን እስከ 4.2 ኬልቪን ሲያቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ ድንገት ጠፋ። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር መዳብ ያለበት ሴራሚክ ከዚያ በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን አሳዩ፤ በማግስቱ ዓመት ኖቤል ተሸለሙ። ስስ የካርቦን ሽፋን የሆነው ግራፊንም፣ አንዳንድ ማግኔቶችም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ዋናው ነገር። እነዚህ ቁሶች ውስጥ ብዙ ሁኔታዎች በጉልበት እኩል ለእኩል ይቀራረባሉ። ማግኔት መሆን፣ ሱፐርኮንዳክተር መሆን፣ ኤሌክትሪክ አለማሳለፍ፣ ሁሉም ለማሸነፍ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ስለዚህ ትንሽ ግፊት አሸናፊውን ይቀይረዋል። ስትሬይንና ብርሃን ትልቅ ለውጥ የሚያመጡት ራሳቸው ኃይለኛ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቁሱ ጫፍ ላይ ስለቆመ ነው።

ስትሬይን ቁሱን ምን ያደርገዋል?

ስትሬይን አንድ ነገር ከነበረው ርዝመት በመቶኛ ምን ያህል እንደተሳበ ወይም እንደተጨመቀ ይነግረናል። 10 ሳንቲሜትር የነበረ ዘንግ 1 ሚሊሜትር ቢረዝም ስትሬይኑ 1 በመቶ ነው።

ክሪስታል ሲሳብ በአቶሞቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ኤሌክትሮን ከአንዱ አቶም ወደ ጎረቤቱ የመዝለል ዕድሉ ደግሞ በዚያ ርቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ርቀቱ ሲቀየር የኤሌክትሮኖቹ ጉልበት ይቀየራል፤ እሱ ሲቀየር ሌላው ሁሉ ይከተላል። ክራር የሚመታ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሳጥኑ ያው፣ ክሩም ያው ነው። ጥቂቶቹን ክሮች ጠበቅ ወይም ላላ ሲያደርጋቸው ግን ከትዝታ ወጥቶ ባቲ ይገባል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ነገር አቅጣጫን ነው። ቁሱን ስታሞቁት ወይም ከሁሉም ጎን እኩል ስትጫኑት ካሬ የነበረው ካሬ እንደሆነ ይቀራል። በአንድ በኩል ብቻ ስትስቡት ግን ካሬው በአንድ ጎን የረዘመ አራት ማዕዘን ይሆናል። የክሪስታሉ ሲሜትሪ ተሰበረ ማለት ነው። ለእኔ የስትሬይን ትልቁ ጉልበት እዚህ ጋ ነው፤ ሙቀትም ሆነ ተራ ግፊት ይህን አያደርጉም።

ሴራሚክ እኮ ሲስቡት ይሰበራል። እንዴት ነው የሚስቡት?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም እጅ ሥራ የበዛበት ነው። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ቁሱን በስሱ ሌላ ክሪስታል ላይ ማሳደግ ነው። ከታች ያለው ክሪስታል የአቶሞቹ ርቀት ትንሽ ሰፋ ያለ ከሆነ፣ ከላይ የሚያድገው ሽፋን ከሱ ጋር ለመገጣጠም ሲል ይለጠጣል። ጠቦ ከሆነ ይጨመቃል። ሽፋኑ በጣም ስስ እስከሆነ ድረስ ሳይሰነጠቅ ይኖራል።

ሁለተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው። ርዝመቱ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ የፀጉር ያህል የሆነ ክሪስታል ይቆረጣል። ሁለቱ ጫፎቹ ሁለት ትንንሽ ሳህኖች ላይ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ይያዛሉ። ሳህኖቹን የሚያንቀሳቅሱት ፒዬዞ የሚባሉ፣ ቮልቴጅ ሲሰጣቸው በማይክሮሜትር ደረጃ የሚረዝሙ ሴራሚኮች ናቸው። ሦስት ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ። የዳርና የዳሩ ሲረዝሙ ናሙናው ይሳባል፤ የመሃሉ ሲረዝም ይጨመቃል። ለምን ሦስት? መሣሪያው ወደ ፍጹም ቅዝቃዜ ሲወርድ ፒዬዞዎቹ ራሳቸው መጠናቸው ይለወጣል። ሦስቱ እንዲህ ሲደረደሩ የአንዱ ለውጥ የሌላውን ያጣፋል፤ ናሙናው ሳይታዘዝ አይሳብም። ይህን መሣሪያ ክሊፎርድ ሂክስ፣ አንድሩ ማኬንዚና ባልደረቦቻቸው በ2014 አስተዋወቁት። ከዚያም ስትሮንቲየም ሩቴኔት የሚባለውን ሱፐርኮንዳክተር ጨመቁት። ሳይነካ 1.5 ኬልቪን ላይ ነበር ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው። ከ1 በመቶ ያነሰ ሲጨመቅ 3.4 ኬልቪን ደረሰ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው!

ሦስተኛው መንገድ ለስስ ቁሶች ነው። ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ነው ያለው፣ ሳይበጠስ እስከ 25 በመቶ ገደማ መለጠጥ ይችላል። በ2010 ፕላቲነም ላይ በተፈጠሩ ጥቃቅን የግራፊን አረፋዎች ኤሌክትሮኖቹ ከ300 ቴስላ በላይ በሆነ ማግኔት ውስጥ እንዳሉ ሆነው ሲዞሩ ታዩ። ያለማቋረጥ የሚሠራ የላቦራቶሪ ማግኔት 45 ቴስላ አካባቢ ነው የሚደርሰው። እዚያ ግን ምንም ማግኔት አልነበረም፤ ያደረገው የአረፋው መወጠር ነው።

ብርሃንስ? ብርሃን የሚያደርገው ማሞቅ ብቻ አይደለም?

ተራ ብርሃን በተራ ሁኔታ አዎ፣ በብዛት ያሞቃል። ሚስጥሩ ያለው በብርሃኑ ዓይነትና በብልጭታው ማጠር ላይ ነው።

እያንዳንዱ ክሪስታል የራሱ የንዝረት ድግግሞሽ አለው። እነዚህ ድግግሞሾች ኢንፍራሬድና ቴራኸርዝ የሚባለው የብርሃን ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ብርሃኑን ልክ በአንዱ ንዝረት ላይ ካገጣጠሙት፣ የተመረጡ አቶሞች በተመረጠ አቅጣጫ በብርቱ ይወዛወዛሉ። ውዝዋዜው ሲበረታ ደግሞ ሌሎቹን አቶሞች ገፍቶ ከቦታቸው ያንቀሳቅሳቸዋል። ለቅጽበት የክሪስታሉ ቅርጽ ይቀየራል። ልብ በሉ፣ ይህ ራሱ ስትሬይን የሚያመጣው ዓይነት ለውጥ ነው፤ የመጣው ግን ያለ ማጣበቂያና ያለ ፒዬዞ ነው። ሁለቱ ርዕሶች አብረው የሚነሱት ለዚህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ብርሃን በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋገም የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ኤሌክትሮኖች በዚያ ድግግሞሽ ሲመቱ፣ ብርሃኑ እስካለ ድረስ አዲስ የጉልበት ደረጃዎች ይፈጠሩላቸዋል። ፍሎኬ ሁኔታ ይባላል። በ2013 የኑህ ገዲክ ቡድን አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ ቢስመዝ ሴሌናይድ ላይ በዓይን አየው። በ2020 ደግሞ ሀምቡርግ ያሉ ተመራማሪዎች የኤሌክትሪክ መስኩ የሚሽከረከር ብርሃን ግራፊን ላይ አሳርፈው፣ ያለ ማግኔት የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ወደ ጎን እንዲታጠፍ አደረጉ።

ሙቀት እንዳልሆነ በምን ይታወቃል? ሙቀት አቅጣጫ አይመርጥም፣ ቀለምም አይመርጥም። እዚህ ግን ብርሃኑን ከንዝረቱ ድግግሞሽ ትንሽ ፈቀቅ ስታደርጉት ውጤቱ ይጠፋል። የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ ስታዞሩት ውጤቱ ይቀየራል።

ሌዘሩ በጣም ኃይለኛ መሆን አለበት ማለት ነው?

ኃይለኛ ነው፣ ግን ጉልበቱ ትንሽ ነው። ቁጥሩን እንየው። አንድ ብልጭታ 1 ሚሊጁል ጉልበት ይዞ 100 ፌምቶ ሰከንድ ይቆያል እንበል (1 ፌምቶ ሰከንድ ሰከንድን ለሚሊዮን ቢሊዮን ስናካፍል የሚገኝ ነው)። 1 ሚሊጁል 1 ግራም ነገር 10 ሳንቲሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ለጊዜው ስናካፍለው ግን 10,000 ሜጋዋት ይወጣል። ህዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ የሚያመነጨው 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ብልጭታው ለዚያች ቅጽበት የሱን እጥፍ ይጠጋል። በ100 ፌምቶ ሰከንድ ብርሃን ራሱ የሚጓዘው ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ርቀት ነው። ቁሱ የማይቀልጠው ጠቅላላ ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ነው።

በዚህ የጊዜ ደረጃ ማየትን ካስተማሩን አንዱ ግብፅ የተወለደው አሕመድ ዘዌይል ነው። በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤል አግኝቶበታል።

የሱቅ ሌዘር ብጠቀምስ?

ምንም አይቀየርም። ያ ሌዘር ጥቂት ሚሊዋት ነው፣ ያለማቋረጥ ነው የሚበራው። ዓይን ላይ ግን ጉዳት ያደርሳል፤ ለትንንሽ ልጆች መጫወቻ አትስጡ።

ሁለቱንም የሚታዘዝ አንድ ቁስ ጥቀስልኝ።

ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ። በ1959 ነው ጠባዩ የታወቀው። ከ68 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፍም። ከዚያ በላይ እንደ ብረት ያሳልፋል፣ ልዩነቱም በሺዎች እጥፍ ነው። ሲቀዘቅዝ የቫናዲየም አቶሞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ ሲሞቅ ይለያያሉ።

በ2002 ጃፓኖች ይህን ቁስ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ በስሱ አሳደጉት። የሥረኛው ክሪስታል በአንድ አቅጣጫ ሲቆረጥ መለወጫው ሙቀት ወደ 27 ዲግሪ ወረደ። በሌላ አቅጣጫ ሲቆረጥ ወደ 96 ዲግሪ ወጣ። ቁሱ ያው፣ ስትሬይኑ ብቻ የተለየ። የመጀመሪያውን ሽፋን ይዛችሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ብትወርዱ፣ ደሴ ብርድ ላይ አላሳልፍም ያለው ኮምቦልቻ ሞቅ ባለ ቀትር ማሳለፍ ይጀምራል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ሳትጨርሱ ቁሱ ሌላ ሆነ ማለት ነው።

በብርሃንስ? አንድ የሌዘር ብልጭታ ይህንኑ ለውጥ ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ያመጣል።

ሁለተኛ ምሳሌ ስትሮንቲየም ቲታኔት ነው። ይህ ቁስ ፌሮኤሌክትሪክ ለመሆን ደርሶ ደርሶ የማይሆን ነው፤ ማለትም በውስጡ አዎንታዊና አሉታዊ ቻርጅ ተለያይተው ለመሰለፍ ጥቂት ይቀራቸዋል። በ2004 በ1 በመቶ ገደማ ሲለጠጥ በክፍል ሙቀት ፌሮኤሌክትሪክ ሆነ። በ2019 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ሀምቡርግ አንዱ ኤምአይቲ፣ ወደዚያው በብርሃን አደረሱት።

የብርሃኑ ለውጥ ወዲያው ይጠፋል ይባላል። ታዲያ ምን ይጠቅማል?

ብዙ ጊዜ በፒኮ ሰከንዶች (በሰከንድ ትሪሊዮንኛዎች) ውስጥ ይጠፋል፣ እውነት ነው። የዘርፉ ትልቁ ራስ ምታትም ይኸው ነው። ግን ሁሉም እንደዚያ አይደለም። የሀምቡርጉ ስትሮንቲየም ቲታኔት ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት በአዲሱ ሁኔታ ቆይቷል። በ2014 ስሎቬንያ፣ ልዩብልያና ውስጥ ታንታለም ዳይሰልፋይድ በአንዲት የ35 ፌምቶ ሰከንድ ብልጭታ ብቻ ወደማይታወቅ ሁኔታ ገባ። በሙቀት ለውጥ ብቻ ተደርሶበት የማያውቅ ሁኔታ ነው። ቅዝቃዜው እስካለ ድረስ እዚያው ይቆያል፣ ሲሞቅ ይመለሳል። ለኮምፒውተር ማስታወሻ የሚያጓጓውም ይህ መጻፍና ማጥፋት ነው።

የደላንታ ኦፓል ኳንተም ቁስ ነው? ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ ይቀያየራል እኮ።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ሌላ አገር አይጠየቅማ። መልሱ ግን አይደለም ነው።

ወገል ጤና አካባቢ ከ2008 ጀምሮ የሚወጣው ኦፓል የሲሊካ ድንጋይ ነው። በውስጡ መጠናቸው በመቶዎች የሚቆጠር ናኖሜትር የሆኑ ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች በረድፍ ተደርድረዋል። ብርሃን በረድፎቹ መካከል ሲያልፍ አንዱ ቀለም ይጠናከራል፣ ሌላው ይጠፋል። ይህ የሞገድ ሥራ ነው፣ ለማስረዳት የኤሌክትሮን መተሳሰር አያስፈልግም። ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ውሃው ክፍተቶቹ ውስጥ ይገባል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ድንጋዩ እንደ ብርጭቆ ጥርት ይላል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ኦፓል የሚነግዱ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል።

ልዩነቱ ይህ ነው። ኦፓሉ ብርሃኑን ይቀይረዋል፣ ብርሃኑ ግን ኦፓሉን አይቀይረውም። በእኛ ርዕስ የሚቀየረው ራሱ ቁሱ ነው። አንድ የጋራ ነገር ግን አላቸው፤ ባሕርይ የሚወሰነው ቁሱ ከምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተደረደረም ጭምር ነው። ኦፓልን ክፍል ውስጥ ይዛችሁ ብትገቡ ለማስተማር ከሱ የተሻለ አላውቅም።

ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሰው እጅ የገባ ነገር አለ?

አለ፣ ስልካችሁ ውስጥ። ኢንቴል በ2003 ባስተዋወቀው 90 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ሲሊከንን ሆን ብሎ መሳብና መጨመቅ ጀመረ። በአንደኛው ዓይነት ትራንዚስተር ጎንና ጎን ሲሊከን ጀርማኒየም እየተሞላ መሃሉ ይጨመቃል። ሌላው ዓይነት ላይ የናይትራይድ ሽፋን ተደርጎ ይለጠጣል። ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎቹ ይፈጥናሉ። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ላይ የሚሸጥ ስማርት ስልክ ውስጥ ያለው ቺፕ በዚሁ ጥበብ ነው የሚሠራው። ሲሊከን ኳንተም ቁስ አይባልም፣ ግን ስትሬይን ቀልድ እንዳልሆነ ያሳያል።

በብርሃን በኩል ያለው አሁንም ላቦራቶሪ ውስጥ ነው።

በክፍል ሙቀት የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር በዚህ መንገድ ይገኛል?

እስካሁን አልተገኘም። በ2023 ኤልኬ 99 የተባለው ተገኘ ተብሎ ቲክቶክ ሳይቀር አጥለቅልቆ ነበር፤ ሌሎች ሲሞክሩት አልሆነም።

ተስፋ የሚሰጡ ነገሮች ግን አሉ። በዚያው በ2023 ላንታነም ኒኬሌት ከ100,000 እጥፍ በላይ የአየር ግፊት ሲጫነው 80 ኬልቪን አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። እንዲህ ያለ ግፊት በሁለት አልማዞች መሃል ነው የሚገኘው፣ ለአገልግሎት አይሆንም። በ2024 መጨረሻ ላይ ግን የዚሁ ቁስ ስስ ሽፋን ጠበብ ያለ ክሪስታል ላይ አድጎ፣ ያለ ምንም የውጭ ግፊት፣ እስከ 40 ኬልቪን ገደማ ሠራ። የአልማዙን ሥራ በከፊል ስትሬይን ተካው።

በብርሃን በኩል ፖታሲየም የገባበት ፉለሪን (የካርቦን አቶሞች እንደ ኳስ የተያያዙበት ቁስ) አለ። እንደወትሮው 20 ኬልቪን ላይ ነው ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው። በ2016 የኢንፍራሬድ ብልጭታ ሲያርፍበት በ100 ኬልቪን ላይ የሱፐርኮንዳክተር ምልክት ለቅጽበት አሳየ። ምልክቱ በእርግጥ ሱፐርኮንዳክተር ነው ወይ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔም ክርክሩ እስኪያልቅ «ተገኘ» ባንል ይሻላል ባይ ነኝ።

ወሎ ሆኜ በዚህ ላይ ምን መሥራት እችላለሁ?

በእጃችሁ ዛሬ መጀመር የምትችሉት አለ። ለስላሳ እርሳስ፣ 4ቢ ወይም 6ቢ፣ ፈልጉ። ወረቀት ላይ ወፈር ያለ መስመር ደጋግማችሁ አስምሩ። ከኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ መልቲሜትር ተዋሱና ሁለቱን ጫፍ ለኩ። መስመሩ ወደ ውጭ እንዲሆን ወረቀቱን ስታጥፉት ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ወደ ውስጥ ስታጥፉት ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው የግራፋይት ቅንጣቶቹ ስለሚራራቁና ስለሚጠጋጉ ነው፤ ኳንተማዊ ለውጥ አይደለም። ግን ስትሬይንን በኤሌክትሪክ መለካት ምን እንደሚመስል በደንብ ይገባችኋል።

ከዚያ ቀጥሎ ስሌት ነው፣ ዋናው በራችንም እሱ ይመስለኛል። ፌምቶ ሰከንድ ሌዘር ለመግዛት የሚጠይቀው ገንዘብ ከአቅማችን በላይ ነው። የቁስን ኤሌክትሮኖች የሚያሰላው ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለው ፕሮግራም ግን በነፃ ነው፣ ዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ቡድኖችም ይጠቀሙበታል። የምርምር ጽሑፎቹን አርካይቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታነባላችሁ። ይህን ዘርፍ ለአፍሪካውያን የሚያስተምር አሴስማ የሚባል ትምህርት ቤት ከ2010 ጀምሮ በየጊዜው ይካሄዳል፤ በ2018 አዲስ አበባ ነበር። የፓኪስታኑ ፊዚሲስት አብዱስ ሰላም በ1964 ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ውስጥ የመሠረተው የፊዚክስ ማዕከል አይሲቲፒ ደግሞ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪያቸው የተሸፈነ የዲፕሎማ ትምህርት አለው። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ስትጨርሱ አመልክቱ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም እያላችሁ ጊዜው አይለፋችሁ።

ላፕቶፔ ደካማ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። ይሆናል?

ለመጀመሪያው ይሆናል። ሊነክስ ጫኑበት። ሲሊከን በስሌቱ ውስጥ የሚያስፈልገው ሁለት አቶም ብቻ ነው፣ ተራ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። መጀመሪያ እንዳለ አስሉት። ከዚያ በአንዱ አቅጣጫ ያለውን ርዝመት 1 በመቶ ጨምሩና ደግማችሁ አስሉ። ሁለቱን የኤሌክትሮን የጉልበት ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። እኩል የነበሩ መስመሮች ተለያይተው ታያላችሁ፤ ስትሬይን ሲሜትሪ ሰበረ የምንለው ያ ነው። ቀጥሎ ግራፊን ሞክሩ።

ረዘም ላለ ስሌት ፕሮግራሙ ባላችሁት ሰዓት ላይ በሥርዓት እንዲቆምና በኋላ ካቆመበት እንዲቀጥል ማዘዝ ይቻላል። ላፕቶፑ ባትሪው ሁለት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንዲያቆም አድርጉት። የብርሃኑን ስሌት ለኋላ አቆዩት። ኦክቶፐስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል፤ ግን ጊዜን በጣም ጥቃቅን አድርጎ እየቆረጠ ስለሚያሰላ ከላፕቶፕ የበረታ ማሽን ይፈልጋል።